ያረፈው መሬት

የወረዳው ገዥ ግራዝማች አሻግሬ «እንግሊዝኛ አውቃለሁ» ብለው አንድ የእርሻ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሊመልሱ ተነሡ። የእርሻ ቃል ልሰብስብ እያሉ አንዱን መንደር ሦስት ዓመት ተመላለሱበት። በመጡ ቁጥር በግ ይታረድላቸዋል፤ ከመጽሐፉ ግን አንድ መስመር እንኳ እንዳልተረጎሙ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

በሦስተኛው ዓመት ሲመጡ አንድ ምላሰኛ ገበሬ ማሳውን ሳይዘራ አገኙት።

«አንተ ሰነፍ! መሬቱን ጦሙን ታሳድረዋለህ? ነጥቄ ለሚያርሰው ነው የምሰጠው!» ብለው ጮኹበት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ደክሞት ነው ያሳረፍኩት። ዘንድሮ ከብቶቼን እያሳደርኩበት ነው፤ ፍጉን ሲጠግብ ለከርሞ ይዘራል» አላቸው።

ግራዝማች መጽሐፋቸውን ገለጡ። እንግሊዞች ይህንኑ «ፋሎው» ይሉታል፤ እሳቸው ግን አማርኛው ጠፍቷቸው ከርመዋል። አላውቅም ማለት አፈሩና፣

«እውነትህን ከሆነ እስኪ ስሙን ንገረኝ!» አሉት።

«ያረፈ መሬት እንለዋለን።»

«ስሙ ብቻ አይበቃም! አጠቃቀሙን በምሳሌ ካላስረዳኸኝ መሬቱን ትለቃለህ!»

መንደርተኛው ጆሮውን አቆመ። ገበሬው እጅ ነሳና እንዲህ አለ፦

«ያረፈ መሬት አንድ ዓመት ፍግ ቢያበሉት ለከርሞ እህል ያበቅላል። እርስዎን ግን ሦስት ዓመት አሳርፈን በግ ብናበላዎ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አላበቀሉም።»