ጨው ሻጯ አህያና የወደዷት ጅቦች

አንድ ጊዜ፣ ስልክ ከሰው እጅ አልፎ ጫካ በገባበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ መስክ ዳር ጨው የምትሸጥ አህያ ነበረች። በሰኮና ስልክ እንዴት ይነካል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ብቻ ሁሉም ነበራቸው። ኤሊ እንኳ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ሲያይ ብርሃኑ በጎኑ ሾልኮ ይታይ ነበር።

እመት አህያ ጨውዋን የምታመጣው ከቆላ ነው። ዕቃዋን በራሷ ጀርባ ተሸክማ የምትነግድ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ለጫኝ የምትከፍለው፣ ከአውራጅ የምትጨቃጨቀው ነገር የላትም። መስኩ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ቀጥ፣ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ታናፋለች። ያን የሰማ ከብት ሁሉ ጨው መምጣቱን ያውቃል። ከዚያ የአንዱን አሞሌ ጥግ ሰብራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች። ይህ ቅምሻ ነው። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይልሳል፤ ከጣመው አሞሌውን ይወስዳል፣ ካልጣመው ደህና ዋይ ብሎ ይሄዳል። ያልጣመው ኖሮ አያውቅም። ዋጋው ድርቆሽ ነው፤ እመት አህያ ክረምቱን የምትዘልቀውም በዚያ ድርቆሽ ነው።

በስልኳ ላይ ገጽም ነበራት። ላሟ፣ በሬዎቹ፣ በጎቹና ከወንዙ ማዶ ያለው ጎሽ ይከተሏታል። እሷም የጨውዋን ፎቶ ትለጥፋለች፣ እነሱም መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃሉ፣ እሷም ትመልሳለች። ሌላ ነገር የለም። ደስ ይላቸው ነበር።

በዚህ መሐል በቅሎ ገጽ ከፈተች። በቅሎ የምትሸጠው ነገር የላትም፤ ባለጥልፍ ኮርቻዋን ለብሳ ግራ ቀኝ ዞር ማለት ነው ሥራዋ። ጫካው ሁሉ ተከተላት። አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትለዋ በቅሎ መሆኗን አትርሱ፤ አህያ የሥጋ ዘመዷ ሆና ሳለ በገጿ ላይ ለአንድ ቀን እንኳ ስሟን አላነሳችም። ይህ ነገር እመት አህያን ውስጥ ውስጡን አንገበገባት። ያን ዓመት ከወትሮው እጥፍ ጨው አመጣች፤ ክረምት ሳይገባና ዝናብ ሳያሟሟው ሸጣ ጨርሳ፣ ከበቅሎ እኩል ስሟ እንዲጠራ ፈለገች። ካልተሸጠ ግን ጨውም የለ፣ ድርቆሽም የለ፤ ክረምቱን በባዶ ሆድ ልትጋፈጠው ነው።

ቀበሮ ይህን ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ሲያይ ሰንብቷል። አንድ ቀን ጅራቱን አበጥሮ መጣና ገጽ የማሳደግ ባለሙያ መሆኑን ነገራት።

«እመት አህያ፣ ተከታይ የሌለው ነጋዴ ጅራት እንደሌለው ቀበሮ ነው፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ቀበሮ?» አለች።

ቀበሮም ምክሩን አፈሰሰው። ጨው ፎቶ ላይ ድንጋይ ነው፤ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ራሷን ታሳይ። በነፃ የሚላስ ነገር ክብር የለውምና ቅምሻው ይቅር። ማናፋቱም ይቅር፤ ስልክ ባለበት ዘመን ማናፋት ያሳፍራል። ለሚጠይቃት ሁሉ መመለሷንም ትተው፤ ትልቅ ገጽ መልስ አይሰጥም። እመት አህያ ጆሮዋን አቁማ ሰማች፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ አለመስማት ደግሞ ከባድ ነው።

«ለድካምህስ ምን ልክፈልህ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ምን እፈልጋለሁ? በመጨረሻ ላይ የምትተርፍ ነገር ካለች ትርፍራፊዋ ትበቃኛለች» አላት።

ምን ያለ ትሑት ነው ብላ አደነቀችው።

ቀበሮ ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነው። አያ ጅቦና ዘመዶቹ ያቺን አህያ ከተመኟት ቆይተዋል፤ ዳሩ ግን ቀን ከሌት ከባለቀንዶቹ መካከል አትለይም። ቀበሮ ድካም የሌለበት መንገድ እንዳገኘላቸው ነገራቸው። ገጿን ይከተሉ፣ ፎቶዋን ይውደዱላት፤ አንድ ቀን በራሷ እግር ትመጣለች።

«መውደዱ እንዴት ነው የሚደረገው?» አለ አያ ጅቦ።

«ልቧን መንካት ነው።»

«ልቧንማ ድሮም እንወዳለን» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ጉበቷንስ መንካት አይቻልም?»

ቀበሮ በዚያ ዋሻ ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገውም። ጅቦቹ በሙሉ በፊታቸው ፋንታ የአበባ ፎቶ ለጠፉ፣ ስም አወጡ፣ ተከተሏት። አንዱ «የማታ ወዳጅ» ነው፣ አንዷ «ናፍቆት»፣ አንዱ ደግሞ «አጥንት ወዳድ»። እመት አህያ ይህን የመጨረሻውን ወጌሻ መስሏት አክብሮት ሰጥታዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደስታ አልነግራችሁም። ቀበሮ ከጎን ያነሳታል፣ ከኋላ ያነሳታል፣ በተለይ ከኋላ ያነሳታል። ፎቶው በወጣ ቁጥር አስተያየቱ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሲያምር ይላል አንዱ፤ ምን ያለ ዳሌ ነው ይላል ሌላው፤ የጎን አጥንትሽ አለመታየቱ ደስ ሲል የምትልም አለች። መቼ ነው በአካል የምንገናኘው የሚለው ብዛቱ ለጉድ ነው። በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል፤ እመት አህያ ግን የአድማጩን ብዛት እየቆጠረች ቅኝቱን የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም። ተከታዮቿ ከበቅሎ ተከታዮች ሲበልጡማ እየፈነጨች መስኩን ዞረችው።

ከስር፣ በዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል፣ አንዲት አጭር ጥያቄ ነበረች። ላሟ ናት የጻፈችው። «እመት አህያ፣ ጨው መጣ ወይ? ጥጃዬ አፈር መላስ ጀምሯል» ይላል። መልስ የለም። ላሟ ደግማ ጻፈች። አሁንም የለም። በመጨረሻ በእግሯ መጣች። እመት አህያ አንድ እግሯን አንሥታ ፎቶ እየተነሣች ነበር፤ አሞሌዎቹ ከኋላዋ ተከምረው አቧራ ለብሰዋል።

«እትዬ ላም፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። በገጹ ጻፊልኝ።»

«ጽፌልሽ ነበር፤ ጥጃዬ አፈር እየላሰ ነው።»

«እንግዲህ ብዙ ነው፤ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል።»

ላሟ ጨው ወደተከመረበት አየች፤ ድንጋዩ ላይ ቅምሻ እንደሌለም አየች። ሳትቀምስ መውሰድ ልማዷ አይደለም፣ ቅመሺ ሳትባልም መላስ አታውቅበትም። ወደ ጥጃዋ ተመለሰች። በሬዎቹና በጎቹም መጠየቁን ተዉት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። እመት አህያ አንድ ማለዳ ድርቆሽ ማስቀመጫዋን ብታየው ባዶ ነው። ጨውዋን ብታየው እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ደነገጠች። ይህ ሁሉ ወዳጅ እያለኝ አንድ አሞሌ እንኳ እንዴት አይነሣም ብላ ቀበሮን ጠየቀችው። ቀበሮ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። የተከታዮች ቀን እናዘጋጅ አላት፤ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሸለቆ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ብርሃኑ ለፎቶ ሲያምር። ጨውዋን ሁሉ ጭና ትምጣ፤ ብቻዋን ግን ትምጣ፤ ከብቶቹ ካሉ ፎቶው ይበላሻል። ቦታውንና ሰዓቱን በገጿ ለጠፈችው። በአንዴ እንዲያ ያለ ላይክ አይታ አታውቅም።

በቀጠሮው ሰዓት ጨውዋን ጭና ሸለቆው ውስጥ ቆመች። ባለአበባዎቹ ከየድንጋዩ ጀርባ ብቅ ብቅ አሉ። አበባ የሚመስል አንድም አልነበረም። አጥንት ወዳድ የተባለውን መንጋጋው ሊቀድመው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቀበሮ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ አያ ጅቦ ከፊት ቆሟል።

«እንዴት ዋልሽ እመት አህያ፣» አለ አያ ጅቦ፣ «ከፎቶሽ ይልቅ በአካል ትወፍሪያለሽ።»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ፈራች፤ ከፍርሃቱ ይበልጥ ግን ያን የጥጃውን ነገር አስታውሳ አፈረች። ዞር ብትል መውጫው በሙሉ በአድናቂ ተዘግቷል። ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም ጨው ነው፤ የምታውቀው ነገርም ጨው ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ጨው ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ ያለ ጨው ልትበሉኝ ነው?»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ከነጨው ይበላል እንዴ?»

«ሰዎች ቋንጣቸውን በምን የሚያጣፍጡት ይመስልሃል? እኔ ደግሞ ደንብ አለኝ፤ እኔ ዘንድ የመጣ መጀመሪያ ቅምሻ ይልሳል። ጭነቴን ከመፍታቴ በፊት ግን አናፋለሁ። ሳላናፋ የፈታሁት ጭነት በአያቶቼም ዘመን አልታየ።»

ጅቦቹ ቋንጣ ሲባል ተንሾካሾኩ፣ ምራቃቸው መሬት ነካ። ቀበሮ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ።

«አያ ጅቦ፣ እንዳታናፋ ከልክላት። አሁኑኑ ብሏት።»

«ዝም በል አንተ» አለው አያ ጅቦ። «ትርፍራፊ የሚጠብቅ ስለ ጣዕም ምን ያውቃል? አናፊ እመት አህያ፣ ደንቡ ይሟላ።»

እመት አህያ ጆሮዋን ቀጥ፣ አንገቷን ዘርጋ አደረገች። የቀበሮን ምክር ሰምታ ሳታናፋ በመክረሟ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ ወጣ። ሸለቆው ተቀብሎ ለኮረብታው ሰጠ፣ ኮረብታው ለመስኩ፣ መስኩ ለወንዙ። ጅቦቹ በሰልፍ ቆመው ምላሳቸውን አውጥተው ቅምሻቸውን ሲጠብቁ ከእግራቸው ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ ምላሱን ሳይመልስ።

«ጨው ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች እመት አህያ።

ላሟ ናት መጀመሪያ ኮረብታውን ያለፈችው፣ ጥጃዋ ከጎኗ። በሬዎቹ ተከተሉ፣ በጎቹ ተከተሉ፣ ጎሹም ወንዙን ተሻግሮ ውኃ እያንጠባጠበ መጣ። ወራት ሙሉ ጨው ያልላሰ ከብት ማንም ፊቱ ቢቆም አያይም፤ እነሱም ጅብ አለ ብለው አልነበረም የሮጡት። ቀንዳቸው ግን አብሯቸው ነበር። ጅቦቹ ምላሳቸውን ሰብስበው እስኪጨርሱ ከፊሉ ተገጭቶ፣ ከፊሉ ተረግጦ፣ የቀረው እያነከሰ በየአቅጣጫው ተበተነ። ቀበሮማ ሁለት ጊዜ ነው የሮጠው፤ መጀመሪያ ከጎሹ፣ ቀጥሎ ከአያ ጅቦ። አያ ጅቦ እስከ ዛሬ ድረስ ራቱ ያመለጠው ቀበሮ ለከብቶቹ ሹክ ስላለ እንደሆነ ነው የሚያምነው።

እመት አህያ ጭነቷን ፈታች፤ እጅግ ትልቁን አሞሌ ሰብራ ለጥጃው ድንጋይ ላይ አኖረችለት። ጥጃው ዓይኑን ጨፍኖ ሲልስ ልቧ ተነካ፣ አለቀሰችም። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ላሟን አነጋገረቻት።

«እትዬ ላም፣ መልስ እንኳ ስነፍግሽ ከርሜ፣ አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ መጣሽልኝ።»

ላሟ መላሷን አላቋረጠችም። «ለአንቺ ብለው የመጡትማ ጅቦቹ ናቸው» አለቻት። «እኛ የመጣነው ለጨውሽ ነው።»

እመት አህያ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ጆሮዋ ወደቀ፤ ቆይቶ ሲገባት ግን ሸለቆው እስኪያስተጋባ ሳቀች፤ ከሞት ያተረፋት እነሱ ለጨውዋ መምጣታቸው ነበርና። ዝናቡ ሳይወርድ ጨው ሁሉ አለቀ፣ ድርቆሹም ሞላ። ጅቦቹ ገጿን ጥለው ሲወጡ ቁጥሩ እዚያው ወደ ጥንቱ ተመለሰ፤ እሷም የጨው ፎቶ መለጠፏን፣ ለየጥያቄው መልስ መስጠቷን፣ ቅምሻ ማኖሯንና ማናፋቷን ቀጠለች፤ ማናፋቷንም በቪዲዮ ትለቀው ጀመር። ላሟ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለማዶ ፍየሎች፣ ፍየሎቹ ላገኙት ሁሉ። ተከታዩ ቀስ እያለ አደገ፤ ሁሉም ጨው የሚልስ ነው። ክረምቱ ሲገባደድ አንድ መልእክት ደረሳት፤ «አክስቴ፣ ትንሽ ጨው ይኖርሽ ይሆን?» ይላል። የላከችው በቅሎ ናት።

ከዚህ የምንማረው ተከታይ ስንት እንደሆነ ከመቁጠራችን በፊት ምን ፈልጎ እንደሚከተለን መጠየቅ እንዳለብን፣ ጨዋችንን ፈልጎ የመጣውን ጥቂት ወዳጅም ሥጋችንን ለተመኘ ብዙ አድናቂ ብለን መልስ እንዳንነፍገው ነው።