ጣራ ማረፊያ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ በሩን አትጋርዱብኝ እንጂ ጠጋ በሉ። ግንቦት ነው፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣራውን፣ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን የሚያይበት፣ «እንጠግን ወይስ እንነሳ?» እያሉ ባልና ሚስት የሚነታረኩበት ወር ነው። ከምንጩ ወደ ተረተሩ ስትወጡ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ክብ ሆኖ የተደለደለ ሜዳ አለ አይደል? ጣራ ማረፊያ የምንለው? ስሙን ሁሉም ይጠራዋል፤ እንዴት እንደወጣለት ሲነገር ግን ወንዶቹ ፈጠን ብለው ያልፉታል። እኔ አላልፈውም።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን በዚህ በጉንደል አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ ከምንጩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ቤቱ ሲሠራ ወንዶቹ እንጨቱን አቁመው፣ ጣራውን ከድነው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ጭዱን ቀላቅላ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን በእጇ የለሰነችው እሷ ናት። የጣቶቿ መስመር እንኳ ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር ይባላል። ባሏ ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ታላቅ ወንድሙ ፈንታ አንድ ነገር ካለ፣ ለደምለው ያ ነገር አለቀ።

ጣራው ደህና ነበር። ችግሩ ግድግዳው ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በጓሮ በኩል እየላሰ ሰነጠቀው። «ቦይ ቆፍርልኝ፣ ጎርፉ በጎን ይለፍ፤ ግድግዳውን እኔ አድሰዋለሁ» ስትለው፣ ደምለው «እሺ፣ በዓሉ ይለፍ» ይላል። በዓል ደግሞ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል።

ፈንታ ቤቱን የሠራው ተረተሩ ላይ ለብቻው ነበርና ጎረቤት ይፈልጋል፤ ለእርሻው የሚያግዘው ወንድምም ይፈልጋል። አንድ ቀን መጣና የተሰነጠቀውን ግድግዳ በተረከዙ መታ መታ አደረገው። ያቺ በእጇ የለሰነችውን፣ በተረከዙ!

«ይሄ ምኑ ይጠገናል? ጣራውን አንስተን ወደኔ ነው» አለ። «ተረተሩ ነፋሻ ነው፣ አገር ምድሩን ያሳያል፣ ጎርፍ የለበት።»

«ውሃስ፣ አያ ፈንታ?» አለች አትጠገብ።

«ውሃ ይመጣል።»

ሰማችሁልኝ? ይመጣል! በእግሩ የሚሄድ ይመስል! እሷ አልነሳም አለች፤ ደምለው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱንም ፈንታ እንደ እሺታ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ገበያ የሄደችበትን ቀን ጠብቀው፣ ፈንታ የመንደሩን ወንዶች በደቦ ጠራ። ገመዱን ፈቱ፣ ጣራውን እንዳለ ከግድግዳው ላይ አነሱና ውስጡ ገብተው ተሸከሙት። አትጠገብ ከገበያ ስትመለስ ጣራዋ እግር አውጥቶ ዳገት ሲወጣ አየች ይባላል። እቤት ስትደርስ መደቧ፣ ምድጃዋ፣ የእህል ጎታዋ፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ደመና እየጠቆረ ነው። አላለቀሰችም። ደረቷ ግን እንደ ምጣድ ጋለ።

ታዲያ እነዚያ ጎበዞች አንድ ነገር ረስተው ነበር። በደቦ ቀን ውሃውንም ጠላውንም የምታቀርበው የቤቱ ባለቤት ናት፤ እነሱ ደግሞ ሥራውን ከእሷው ደብቀው ጀመሩት። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ደረቀ። ጣራውን አሳረፉና ቁልቁል ይጮኹ ጀመር፤ «አትጠገብ! ውሃ!»

አትጠገብ ምንጭ ወረደች። እንስራዋን ሞላች፣ ገመዱን አሰረችበት፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች። ሌሎቹም ሴቶች እንስራ እንስራቸውን ይዘው መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ፤ አንዲትም ወደ ላይ አልሄደችም። ፈንታ እየተንደረደረ ወረደ።

«ሰው በጥም ሲያልቅ ተጎልተሽ ታያለሽ?»

«ሞልቼዋለሁ፣ አያ። ይሸከሙት።»

«ወንድ እንስራ ሲያዝል የት አይተሻል?»

«ውሃ ይመጣል ብለውኝ አልነበር?» አለችው። «ይኸው፣ ይምጣ እንግዲህ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ፈንታ እልህ ያዘውና እንስራውን አንስቶ አዘለ። ከምንጩ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ሾላ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ አዳለጠው፤ እንስራው ተሰበረ፣ እሱም እስከ ሱሪው ራሰ። «ጎርፍ የለበትም ያሉት እዚያ ላይ ነው ወይስ እዚህ?» ብላ አንዷ እልል አለችለት።

ቀጥሎ ደምለው ወረደ። አትጠገብ ያንን መሬት መሬት የሚያይ ፊቱን አየችና ያን ጊዜ ብድግ አለች።

«ጣራዬን ለመሸከም አገር ተጠራ፤ ውሃውን ግን ጠዋትና ማታ የምሸከመው እኔ ብቻዬን ነኝ። ማን ጠየቀኝ፣ ደምለው? አንተ እንኳ ጠየቅኸኝ?»

ደምለው የጎረቤቷን እንስራ አዘለና ወጣ። ወንዶቹ ከላይ «ደምለው፣ መቀነት እናምጣልህ ወይ?» እያሉ አላገጡበት። ገመዱ ትከሻውን እየበላው ደረሰ። እንስራው ዞሮ ዞሮ ሁሉንም ሳያዳርስ አለቀ። ደምለው ቁልቁል ምንጩን አየ፣ ሽቅብ ተረተሩን አየ፤ ገና እኩሌታው ነው።

«ውሃው አለቀ አይደል?» አለ። «በሉ ጣራውን አዙሩት።»

«በሴት ቃል ልትመለስ ነው?» ብሎ ፈንታ ጮኸበት።

«በትከሻዬ ነው፣ አያ» አለው ይባላል።

አትጠገብ ከምንጩ ዳር ሆና ጣራዋ ሲዞር አየች። ግድግዳው ላይ ሲያስቀምጡትና ዝናቡ ሲጀምር እኩል ሆነ። ደምለው ቤት አልገባም፤ ዶማውን አንስቶ በዚያው ዝናብ ቦዩን መቆፈር ጀመረ። ግድግዳውን ሁለቱም ሆነው አደሱት፤ ጭቃውን የረገጠው ግን እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጉንደል ልማዱ ይኸው ሆነ፤ ቤቱን ከመጠገን ይልቅ ልነሳ ያለ ወንድ፣ መጀመሪያ ከምንጩ ውሃ አዝሎ አዲሱ ቦታ ድረስ ይወጣል። ሳያሳርፍ ከደረሰ ይነሳል፤ ጣራ ማረፊያ ላይ ካሳረፈ ተመልሶ የቤቱን ግድግዳ ይለስናል። አሁን እንስራው ጄሪካን ሆኗል እንጂ ዳገቱ ያው ነው፤ ሴቶቹም ዛሬም መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ።

ፈንታ ከተረተሩ አልወረደም። ሚስቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባዶውን እንስራ በሩ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር፤ በመጨረሻ አህያ ገዝቶ፣ እስኪሞት ድረስ ውሃውን ራሱ ሲያመላልስ ኖረ ይላሉ። ደምለው ከሚስቱ ቀድሞ ሞተ። አትጠገብ አርጅታ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ጣራ ሥር አረፈች። ቤቱ ዛሬ የለም፤ በቦታው የልጅ ልጆቿ የቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ቦዩ ግን አለ፤ በየክረምቱ ጎርፉን በጎን ያሳልፋል።