ክላክስ ሲነፋ የሚግለው ሞተር

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእድር ሽማግሌ ምሳሌ የሚናገረው በአንበሳ፣ በጦጣ፣ ቢጠፋ በአህያ ነው እንጂ በመኪና አይደለም። ምን ላድርግ፣ አንበሳ በሰፈራችን ከታየ ቆየ። የቀረበልኝም ጥያቄ በትንሽ እንስሳ የሚመለስ አልነበረም። አዲሱ የእድራችን ዳኛ አቶ ዳምጠው በስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ «ከተሾምኩ ወዲህ ጸሐፊው የሚነግረኝ ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ የሚነግረኝ ሌላ፣ ጥሩምባ ነፊው ደግሞ ከሁለቱም የማይገናኝ። ሁሉም ይዋሹኛል። እስቲ ፍረዱ፣ ማንኛውን ላባርር?» አሉ። ሦስቱም እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። እኔም እንዲህ አልኩ።

አንድ ሰው ነበረ። አሮጌ መኪና ነበረችው። ሴት ልጁ ስትወለድ ከሐኪም ቤት ያመጣት በዚያች መኪና ነውና፣ «ስትዳሪም የምትወጪው በዚህችው ነው» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ልጅቷ አደገች፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ሰውየውም መኪናዋ ሙሽራ ትምሰል ብሎ ቀለም ቤት አስገባት። ውጭዋ አልበቃውም፤ ሞተሩን አስወጥቶ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ሳይቀር እንደ ወተት ነጭ አስቀባው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት እየመጣ ኮፈን ማስከፈትና ማድነቅ ሆነ ሥራው።

መኪናዋ ግን ከቀለም ቤት እንደ ወጣች አመሏ ተለወጠ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የሙቀት መለኪያው ቀስት «ጋልኩ» ይላል። የማስጠንቀቂያው መብራት ያለ ምክንያት ይበራል። መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ሰውየው ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ነቅሎ ጣለና አዲስ አስገባ፤ አዲሱም ያንኑ ዋሸ። አየር የሚለካውን ነቀለ፤ ተተኪው ባሰ። ሌላም ነቀለ።

«ተማክረው ነው» አለ ለሚስቱ። «ተማክረው ይዋሹኛል።»

«የት ተገናኝተው?» አለችው፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም።

ልጁ ደግሞ አጠገቡ መጥታ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ የሚከራይ መኪና እኮ ሞልቷል» አለችው። የሚስቱን ቀልድ ቻለው፤ የልጁን ርኅራኄ ግን መቻል አቃተው።

በማግስቱ ብቻውን ሊሞክራት ወጣ። ሙሽራ በዝምታ አይሸኝምና እንደ ሰርግ አጀብ ክላክሱን ነፋ። ቀስቱ ዘሎ ወደ ቀዩ ወጣ። እጁን አነሣ፤ ቀስቱ ወረደ። ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ ወጣ። ወርዶ ራዲያተሩን ዳሰሰው፤ ለብ ያለ ውኃ ነው። የፊት መብራቱን አበራ፤ ቀስቱ በጠራራ ፀሐይ ከፍ አለ። አጠፋው፤ ዝቅ አለ። ሰውየው ንዴቱም ሰርጉም ጠፋበትና ተመስጦ ይነፋ ጀመር። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ሴትዮ ቀኑ የተለወጠ መስሏት እልል አለች።

«ብረት በጩኸት አይግልም» አለ ሰውየው ለራሱ። «ይሄ ቀስት የሚያየው ሙቀት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።» ያን ጊዜ የሚስቱ ጥያቄ ትዝ አለው። የት ተገናኝተው?

ኮፈኑን ከፍቶ የሽቦዎቹን መንገድ በጣቱ ተከተለ። ሴንሰሩም፣ መብራቱም፣ ክላክሱም፣ የሁሉም ኤሌክትሪክ መመለሻው አንድ ነበር፤ ሞተሩን ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚያስረው ወፍራም ሽቦ፣ በአንድ ብሎን የተጠመደው። ብሎኑን ፈታ። ከሥሩ ያ የተደነቀ ነጭ ቀለም ተኝቷል። ኤሌክትሪክ ደግሞ በቀለም አያልፍም፤ በጠርዙ እየተጋፋ ነው የሚሾልከው። ክላክሱ ሲጮኽ ያቺን ጠባብ መንገድ ይዘጋታል፤ የሴንሰሮቹም ቃል ተጣሞ ይደርሳል።

ብርጭቆ ወረቀት አነሣ። እጁ ትንሽ አመነታ፣ ቦታው ጎረቤት ሁሉ ያደነቀው ነውና። ከዚያ ፋቀው፤ ብረቱ እርቃኑን እስኪቀር ፋቀው። ብሎኑን አጠበቀና ክላክሱን ነፋ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። የጣላቸውን ሴንሰሮች ከቆሻሻው ውስጥ ለቅሞ መልሶ ቢገጥማቸው፣ እነሱም እውነቱን ተናገሩ። ልጁም በዚያችው መኪና ወጣች፤ ክላክሱ ሲጮኽ ዋለ፣ ቀስቱም ዝም።

ይህን ብዬ ወደ ዳኛው ዞርኩ። «የተከበሩ ዳኛችን፣ አንድ ሰው ሲዋሽዎ ሰውየውን ይመርምሩ። ሁሉም በአንድ ወቅት ሲዋሹዎ ግን የሚያርፉበትን ይመርምሩ። ሴንሰሮቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ብሎኑ የሚታሰርበት ብረት እርስዎ ነዎት። ከተሾሙ ጀምሮ ካልተሞገሱ ወሬ አይሰሙም። ‹ድንኳኑ ተቀዷል› ሊል የመጣ ሰው ‹በእርስዎ ዘመን ድንኳናችን አማረ› ብሎ ይጀምርና ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ይመሻል። የቀባንዎት እኛው ነን፤ ፍቆ ማንሣቱ ግን የእርስዎ ነው።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ድንኳኑ ተቀዷል እንዴ?» አሉት።

«ከክረምት ጀምሮ፣ ጋሼ» አለ ጸሐፊው።

እንግዲህ ይህን ነገር ማንም እንዳይደግመው አደራ። ጥሩምባ ነፊውንማ ለብቻው ለምኜዋለሁ።