ግንበኛው የደፈነው በር

አንድ ግንበኛ ነበር፤ አስፋቸው ይባላል። ሰዎች ጨረቃ ላይ መንደር ሲቆረቁሩ ሚስቱን ደብሪቱን ይዞ አብሯቸው ወጣ። እዚያ ደጅ አየር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አየር የሚያመርት ሞተር አለው፤ ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛል።

የአስፋቸው ጎረቤት ጎበና የሚባል በያጅ ነበር። ሁለቱ በምን ተጣሉ መሰላችሁ? በጎመን! አስፋቸው መተላለፊያው ውስጥ ካበቀላት ጎመን ጎበና ሳያስፈቅድ ሁለት ቅጠል ቀነጠሰ ተብሎ። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጠው ሲሄዱ የጠብ አመላቸውን እዚህ ምድር ላይ ጥለውት አልሄዱም። አስፋቸው አፈር አቡክቶ መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ሊደፍነው ተነሣ።

“ኧረ ተው፣ አንተ ሰው!” አለችው ደብሪቱ። “ዘመዶቻችን ያሉት ምድር ላይ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ነገ ቢቸግረንስ?”

“ከቸገረን ኡኡ እንላለን። ኡኡ ሲባል ቂሙን ይዞ የሚቀር ጎረቤት የት አገር አይተሻል?” አላት። እውነቱን ነው፤ ባደገበት አገር ኡኡታ ከተሰማ ባላንጣም ቢሆን ዱላውን ይዞ ይደርሳል።

እንዳለውም መተላለፊያውን ደፈነው። አንድ ቀን የቤታቸው የአየር ሞተር ቀጥ አለ። ባልና ሚስት ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ኡኡ አሉ። ጎበና በመስኮቱ ማዶ ይታያል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሽንኩርት ይልጣል። ቢጮኹ፣ ቢጮኹ ዞር አላለም። ድምፅ የሚሄደው በአየር ነው፤ ደጅ ደግሞ አየር የለም። አስፋቸው መዶሻውን አንሥቶ ግንቡን ይደበድብ ጀመር። ወይ ጉድ! የገዛ እጁ ሥራ አልፈርስ አለው። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ጥሩ ግንብ ሠርቶ አያውቅም።

ግንቡ እየሳሳ ሲሄድ ጎበና የመዶሻውን ድምፅ ሰማና ከወዲያ በኩል እየሮጠ መጥቶ ቆፈረ። ሲገናኙ ደብሪቱ ትንፋሽዋ ካቆመ ቆይቷል። ጎበና ራሱን ይዞ አለቀሰ።

“ምነው ወንድሜ፣ ምነው ኡኡ ብትል!”

“ብዬ ነበር” አለ አስፋቸው።

ወገኖቼ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ቤት መሥራቱ አይቀርም፤ ሞተሩም አንድ ቀን የማይበላሽ ይሆንለት ይሆናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይዞት የሚወጣው ቂም ነው። በር ደፍነን ስናበቃ በክፉ ቀን ሰው ይደርስልናል ብለን እንተኛለን። ጩኸት የሚያልፈው ግን በደኅናው ቀን ክፍት በተውነው በር ነው። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ የደፈናችሁት ከማን ጋር የሚያገናኛችሁን በር ነው? ዛሬ ኡኡ ብትሉ ይሰማችኋል?