ታኮ ያዡ እብሬ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት የሚሠሩ ሾፌሮች፣ ከአቅሙ በላይ የሚንጠራራ ሰው ሲያዩ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎቹ እየሳቁ ነው የሚሏት። መነሻዋ ግን አያስቅም።

ይማምና እብሬ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ያላቸው አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ይማም ይነዳል፤ ታናሹ እብሬ ታኮ የሚሉትን የጎማ ማቆሚያ እንጨት ይዞ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ዳገቱ መሀል ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ እብሬ ዘሎ ይወርድና፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ያን እንጨት ከጎማው ሥር ይወትፋል። አንድ ቀን ጎማው ጣቶቹን ጨፈለቀበት።

ይማም ወንድሙን ይዞ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ወደ ጋሽ ውብሸት ሄደ።

«ጋሼ፣ ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ቱርቦ አግኝቻለሁ። ይግጠሙልኝ። ይህ ልጅ ከእንግዲህ ጎማ ሥር አይገባም።»

«ቱርቦ አየሩን በግድ ነው የሚግተው» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ይህ ሞተር ደግሞ አየሩን በራሱ ስቦ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ግፊቱን አይችለውም። ይልቅ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ልክፈተው። ቫልቮቹን ላስተካክል፣ ፒስተኑን ልቀይር፣ የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ላስፋው። በራሱ ጉልበት ይወጣልሃል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ወር ያህል።»

«ወር ሙሉ! መኪና ነው የሚጠግኑት ወይስ አራስ ነው የሚያርሱት?»

እብሬ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አቅፎ ሳቀ። «ተዋቸው ይሥሩት፣ ወንድም ጋሼ፤ እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ።»

«አንተ ዝም በል!»

ቱርቦውን ሌላ ጋራዥ ገጠመለት። እውነትም መኪናው እያፏጨ ዳገቱን ወጣ። እብሬ ጋቢና ገብቶ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። የሚያልፏቸውን ሾፌሮች በመስኮት ብቅ ብሎ «ምሳ አዘን እንጠብቃችሁ?» ይላቸው ጀመር። ይማምም ደስ ብሎት ጭነቱን ጨመረ።

አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭነው ሲወጡ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ጭስ ጋቢናውን ሞላው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም ደነደነ። ይማም በሁለት እግሩ ቢረግጠውም መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላቸው ሰው የሞላ ሚኒባስ እየወጣ ነበር። እብሬ በመስታወት አየውና ዘሎ ወረደ።

«ተው እብሬ! ተመለስ!»

ታኮ መያዝ ከተወ ሰንብቷል። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣና በዚያው ባልዳነ እጁ ይዞ ጎማው ሥር ገባ። መኪናው ቆመ። የሚኒባሱ ሰዎች ሁሉ ተረፉ። እብሬን ግን ከድንጋዩ ላይ ነው ያነሡት።

ከሐዘኑ በኋላ ይማም መኪናውን አስጎትቶ ጋሽ ውብሸት ዘንድ ወሰደው። ለማስጠገን አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ሽማግሌው ሞተሩን ከፈቱት። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ይማም ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ፣

«ለእሱ ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ ውብሸት መፍቻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «አውቃለሁ ልጄ፤ የተውሶ ትንፋሽ ደረት ይሰነጥቃል።»