የፍል ውሃው ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ጥቁር ድንጋይ በሚፈለጥበት አገር፣ ወንድይራድ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች። አንድ ቀን ከገደሉ የተላቀቀ ቋጥኝ ወገቡን መታው። አጥንቱ ገጠመ፤ ሥቃዩ ግን አልለቀቀውም። ከጤና ጣቢያው የሚሰጠው ማስታገሻ መጀመሪያ አሳረፈው፤ እየቆየ ግን ያለ እሱ መቀመጥም መናገርም አቃተው። በመጨረሻ ሐኪሙ ልጆቹን ጠርቶ፣ "ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው። ቀስ በቀስ ከዚህ መድኃኒት መላቀቅ አለበት" አላቸው።

"ታዲያ ሥቃዩን በምን ይቻለው?" አለች ትልቋ ልጅ አትጠገብ።

"ያለ መድኃኒት ሕመም የሚያስታግሱ ባለሙያዎች ከተማ አሉ። እዚህ ግን የሉም።" ሐኪሙ ይህን ብሎ አቀረቀረ።

አትጠገብ አባቷን በቃሬዛ አሸክማ ወደ ቆላው ፍል ውሃ ወረደች። ጡት ያልጣለ ልጇን ለአማቷ ትታ፣ ውሃው ዳር ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች። ጠዋትና ማታ አባቷን አዝላ ታስገባዋለች፤ አዝላ ታወጣዋለች። እንደ ግንድ ደርቆ የነበረው ጀርባው እየላላ መጣ። በዚህ መሀል ልጇ በትኩሳት ሞተ። መርዶው የደረሳት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለብቻዋ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ አባቷን እንደ ወትሮው አዘለችው። ዓይኗ ለምን እንደቀላ ሲጠይቃት፣ "እንፋሎቱ ነው" አለችው።

ወንድሟ አንዳርጌ ከተማ አናጢ ነበር። ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ደጅ ጠና፤ ሕመምን በአካል እንቅስቃሴ የምታክም አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አዘነችለትና እንቅስቃሴዎቹን አስተማረችው። ወደ ፍል ውሃው ወርዶ መድኃኒቱን ከእህቱ ተቀበለና ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት እየቀነሰ ይሰጥ ጀመር። አባትየው ላብ አጠመቀው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ለመነ።

"አንድ ብቻ ጨምርልኝ።"

"አልጨምርም አባባ። እግርዎን ያንሱ።"

"እንግዲያው ልጄ አይደለህም።"

"አይደለሁም። እግርዎን ያንሱ።"

አባትየው ጋቢውን ነክሶ እግሩን አነሳ። የወገቡ ጡንቻ ጠነከረ፣ ቆሞ መሄድም ቻለ፤ ያን ቃል ግን እስኪሞት ድረስ አልሻረለትም።

ለትንሿ ልጅ ለየዝና የሠርግ ቀን ተቆርጦ ነበር። ገና አባትየው መድኃኒቱ እየተቀነሰበት ሳለ ልትጠይቀው ብትወርድ፣ በደረቱ እየተሳበ ከጎጆው በታች ወዳለው ገደል አፋፍ ሲሄድ አገኘችው። አልጮኸችም፤ አልጎተተችውም። ሄዳ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ድንጋይ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ በምን ያውቃሉ?"

መሳቡን አቆመ። ከዚያም ስለ ድንጋይ ድምፅ፣ በመዶሻ ሲነካ ስለሚሰማው ልዩነት ያወራት ጀመር። ሲያወራ ትንፋሹ ረጋ። ከዚያ ወዲህ ሥቃዩ በተነሳ ቁጥር እጁን ይዛ በዝግታ ታስተነፍሰዋለች፤ ታስወራዋለች። ትታው ብትሄድ ወደ አፋፉ እንደሚመለስ ስለገባት ሠርጉን አስተላለፈች። እጮኛዋ መጠበቅ ሰለቸውና ሌላ አገባ።

ወንድይራድ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምር ወሬው ተሰማ። እንጨት ስትሸከም ኖራ ጉልበቷ ያለቀ ሴት መጣች። ወገቡ የጎበጠ ሸማኔ መጣ። የተቆረጠ እግሩ ዛሬም የሚያቃጥለው አሮጌ ወታደርም መጣ። ሦስቱ ልጆች በየሙያቸው ያግዟቸው ጀመር። ማደሪያ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ወንድይራድ የመንደሩን ሰው አስተባብሮ ፍል ውሃው ዳር የድንጋይ ቤት አሠራ። ጣሪያው በተመታ ዕለት ልጆቹን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

"ሥቃዩ አልጠፋም። ግን እኔ እይዘዋለሁ እንጂ እሱ አይይዘኝም። ይህን ቤት አንዳችሁ ምሩት፤ ቁልፉ በሦስት እጅ ከሆነ ትጣላላችሁ። ማን እንደሆነ ነገ እነግራችኋለሁ።"

በነጋታው ግን ራሱን ሳተ። መድኃኒቱ የጎዳው ኩላሊት አላገገመም ነበር። ስም ሳይጠራ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ።

አትጠገብ፣ "ወደዚህ ውሃ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጄን ከፍዬበታለሁ" አለች።

አንዳርጌ፣ "ያቆምኩት እኔ ነኝ። ልጄ አይደለህም ተብዬ ቀርቻለሁ" አለ።

የዝና፣ "እኔ ባልደርስ የምታዝሉትም የምታቆሙትም ሰው አልነበረም" አለች።

ሽማግሌዎቹ መፍረድ አቃታቸው፤ ቁልፉንም ያዙት። ሦስቱ ልጆች መነጋገር ትተው በየፊናቸው ተበታተኑ። ክረምቱ ገባ። ቤቱ ተቆልፎ፣ ሕመምተኞቹ ላስቲክ ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ወታደሩ እዚያው ሞተ። ጉልበቷ ያለቀው ሴት ሽማግሌዎቹ ባለፉ ቁጥር፣ "ለማንም ስጡት፤ ብቻ ክፈቱልን" ትላቸዋለች።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ በሽማግሌዎቹ ቦታ ብትሆኑ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?