የወይራው እግር

አንድ ተማም የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ጥድፊያው ብቻ አይጣል! አባቱ ሲሞቱ የመንደሩ ሰው የሽማግሌነት ቦታቸውን ለእሱ ሊሰጠው ወሰነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ክብር ነውና ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው።

በዚያ አገር አዲስ ሽማግሌ ስሙን አይናገርም። የቤተሰቡን በርጩማ ተሸክሞ ይመጣና ከዋርካው ሥር ያስቀምጣል። ዓይናቸው የጠፋው ታላቁ ሽማግሌ አባ ጨብሳ በእጃቸው ይዳስሱትና የማን ቤት እንደሆነ ይናገራሉ። እሳቸው ያላወቁት በርጩማ የያዘ ሰው ከእንግዶች ጋር ቆሞ ይቀራል።

የተማም ቤት በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ በዘመን ብዛት የጠቆረ ነበር። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ግን ወይራ ነው፤ ተሰብሮ የተተካ፣ ከሁለቱም ያጠረ። የተቀመጠበትን ሰው ወደ ፊት ያዘነብለዋል። አባቱ "ተማሜ፣ ና የዚህን እግር ነገር ላጫውትህ" ባሉት ቁጥር "ከገበያ መልስ፣ አባባ" እያለ ይወጣ ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ተማም በርጩማውን አይቶ አፈረ። አንስቶም ወደ እንጨት ጠራቢው ወደ ኑሪ ወሰደው።

"ይህን እግር በዋንዛ ቀይርልኝ። ከሌሎቹ እንዳይለይ።"

ኑሪ አገላብጦ አየው። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አገር የሚያውቀው እግር ነው።"

"አገር የሚያውቀው ጉድለት ነው እንጂ! በል ሥራህን ሥራ።"

ኑሪ ሠራው። እውነትም አማረ።

በቀጠሮው ቀን ሰው ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አባ ጨብሳ መቀመጫውን ዳሰሱ፤ አንዱን እግር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ግራ ገብቷቸው እንደገና ጀመሩ።

"ግሩም ሥራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን አላውቀውም። ለመሆኑ የማን እንግዳ ነህ፣ ልጄ?"

ተማም ክው አለ። ተወልዶ ባደገበት መንደር እንግዳ ሆነ! ስሙን እንዳይናገር ወጉ ይከለክለዋል፤ ጎረቤቶቹም የሚያውቁትን መናገር ስላልተፈቀደላቸው አንገታቸውን ደፉ።

ይህን ጊዜ ኑሪ ከሰው መሀል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። የወይራውን እግር እሳት ውስጥ ሊማግደው እጁ እምቢ ብሎት የበሩ መደገፊያ አድርጎት ነበር። ይዞት ተመለሰ፤ አዲሱን እግር ነቅሎ አሮጌውን መታበት።

አባ ጨብሳ ወይራውን እንደነኩ ፊታቸው በራ። "የአባ ዲማ ቤት!" ብለው በርጩማውን አቀፉት።

"አያትህ አባ ዲማ" አሉት፣ "ሁለት ቤተሰቦች በምንጭ ውሃ ተጣልተው ጦር ሲማዘዙ ይሄንኑ በርጩማ እንደ ጋሻ ይዘው መሀል ገቡ። የተወረወረው ጦር እግሩን ሰበረው። ወርዋሪው አባቴ ነበሩ። በማግስቱ ይህን ወይራ ራሳቸው ጠርበው ተኩት፤ ሙያ ስላልነበራቸው አጠረባቸው። የነፍሰ ገዳይ ልጅ ከመባል ያዳነኝን እግር እንዴት አላውቀው?"

ተማም አባቱን አስታውሶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊያጫውቱት የፈለጉትን የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ተቀመጠ። በርጩማው እንደ ድሮው ወደ ፊት አዘነበለው፤ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ መናገር ስትጀምር ጆሮው አጠገቧ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ከአያቶቻችን የወረስነው ክብር አንዳንዴ ያለው የተሰበረው ቦታ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ማሳመር እንወዳለን። ከማሳመራችን በፊት ግን እንጠይቅ፤ የሚነግረን ሰው በሕይወት እያለ። በእናንተስ ቤት "ከገበያ መልስ" የተባለለት በርጩማ የለም?